የሳላችሁት ንጉሥ የቀበሌ ሊቀመንበር እንዳይመስል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሆቴል ባለቤት ሱቄ መጡ። ሱቄ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ናት። ታፔላ እጽፋለሁ፣ የካፌ ግድግዳ እቀባለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ ፖርትሬት እሠራለሁ። "ለሳሎኑ ንጉሥ ሚካኤልን ሳልልኝ፤ ከበር ሲገባ ቀጥ የሚያደርግ ይሁን" አሉኝ። የወሎውን ንጉሥ ማለታቸው ነው። "እሺ ጋሼ" አልኩ። ሦስት ሳምንት ለፋሁ። ከድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ የጺማቸውን ዘለላ ሳይቀር ገለበጥኩ። ሊረከቡ ሲመጡ ራቅ ብለው ቆሙ፣ ቀረብ አሉ፣ እንደገና ራቅ አሉ። "አብሽር፣ እጅህ ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። "መልኩ ቁርጥ እሳቸው ነው። ግን ንጉሥ አይመስሉም። ስብሰባ ሊመሩ የተቀመጡ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው የሚመስሉት።"

ልክ ነበሩ። ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀሁት ፊት ላይ ነበር። ፊት ሰውየው ማን እንደሆነ ይነግረናል። ምን እንደሆነ የሚነግረን ግን ከፊቱ ውጭ ያለው ነው፤ ቁመቱ፣ እጁ፣ ልብሱ፣ በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ፣ አጠገቡ የቆመው ሰው። የድሮ የቤተ መንግሥት ሠዓሊዎች ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር። ሁለተኛውን ሥዕል ስሠራ ከእነሱ የቀዳሁትን እነሆ በቅደም ተከተል።

1. ሸራ ከመወጠራችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የነገሥታት ሥዕል ሁሉ መልእክት ነው። የሚነገረው ነገር አለ፣ የሚነገረውም ሰው አለ። ናፖሊዮንን ውሰዱ። የአልፕስን ተራራ የተሻገረው በበቅሎ ነበር። ዣክ ሉዊ ዳቪድ ግን እ.ኤ.አ. በ1801 ሲስለው በሁለት እግሩ በቆመ ፈረስ ላይ አወጣው። ከፈረሱ ሥር ድንጋዩ ላይ የናፖሊዮን ስም ተቀርጿል። ከሱ አጠገብ የሃኒባልና የሻርለማኝ ስም አለ፤ ሁለቱም ከሱ በፊት አልፕስን የተሻገሩ የጦር መሪዎች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ ነው፦ "እኔ ከእነዚህ ተርታ ነኝ።" በቅሎዋ ይህን አትልም፤ ስለዚህ ቀረች።

የኛዎቹም አላነሱም። የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞችን አይታችሁ ከሆነ፣ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ነው ያለው። በአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ "እህሉ በኔ ነው" ይላል ብዬ ነው የማነበው።

እኔም ለንጉሥ ሚካኤል ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ። ብዙ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እዚሁ ደሴ ያሠሩት ትልቁ የግብር አዳራሽ ስሙ "አይጠየፍ" ነው። ማንም ሳይናቅ የሚበላበት ማለት ነው። ወረቀቴ ላይ "እኚህ ሰው አገር ያበላሉ" ብዬ ጻፍኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ በኋላ "ጎራዴ ይጨመር ወይስ ይቅር?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ወረቀቱን አያለሁ። ጎራዴው ቀረ።

ጎራዴውን የግድ የሚል ደንበኛ ሊመጣባችሁ ይችላል። ያኔ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩ እንጂ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአንድ ሸራ ላይ አትጻፉ። በዓድዋ የወሎን ፈረሰኛ የመሩትን ራስ ሚካኤልን መሳል ሌላ ሥዕል ነው።

2. ዓመተ ምሕረቱን ወስኑ

ማዕረግ በዘመን ይለዋወጣል። ልብስም አብሮት ይለወጣል። ንጉሥ ሚካኤል በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዘመን ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ከመባላቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ከዚያ ለረጅም ዓመታት ራስ ነበሩ። የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት በ1906 ዓ.ም. ነው። ሰገሌ ላይ ተሸንፈው የተማረኩት ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዓድዋ ዘመቻ ላይ ዘውድ ጭናችሁ ከሳላችኋቸው የ18 ዓመት ስህተት ነው። ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ዘውድ አስደፍቶ የሚስልም አያለሁ። ልጅ ኢያሱ ሥርዓተ ንግሥ አልተፈጸመለትም። "ልጅ" እየተባለ የቀረውም ለዚህ ነው። ደሴ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም፤ ሥዕላችሁ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ያርማችኋል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አይነግራችሁም። የልብሱን ቀለም ከሽማግሌዎች፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ ከሙዚየም ጠይቁ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፏል፤ እዚያ የነበረው ሁሉ ዛሬም አለ ብላችሁ አትጠብቁ። እንግዲህ ቤታችሁ የአያት የድሮ ፎቶ ካለ ዛሬውኑ በስልክ አንሱትና ሌላ ቦታም አስቀምጡት።

3. ሸራው

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ከውጭ የመጣ ሸራ ከሌለ ወፍራም አቡጀዲ ይበቃል። በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሩት፤ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ማዕዘኖቹ ሂዱ። አንድ ስኒ ኮላ በሁለት ስኒ ውሃ አቅጥኑና አንዴ ቀቡት። ሲደርቅ ኮላውን ከነጭ የግድግዳ የውሃ ቀለም ጋር ቀላቅላችሁ ሁለት ጊዜ ድገሙ። በየመሃሉ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹት። ጀሶ አትጨምሩበት። ሸራው የተጠቀለለ ቀን ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያውን ንድፍና ጥላ በአክሪሊክ መሥራት ትችላላችሁ። በላዩ በዘይት ቀለም ቀጥሉ። ተገላቢጦሹ አይሆንም፤ ዘይት ላይ የተቀባ አክሪሊክ ይላጣል። ቅድሚያ ክፍያ ደግሞ ሸራው ከመወጠሩ በፊት ነው። ግማሹን ተቀበሉ። ይህንንም ከራሴ ነው የተማርኩት።

4. ተመልካቹን ዝቅ አድርጉት

ዋናው ነገር እዚህ ነው።

የእንግሊዙ ቻርልስ 1ኛ አጭር ሰው ነበር። ቫን ዳይክ ሲስለው ግን አጭር መሆኑ አይታይም። አንዱ ዘዴ የዓይን መስመሩን ዝቅ ማድረግ ነው። የዓይን መስመር ማለት ሜዳ ላይ ብትቆሙ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት ከፍታ ነው፤ እሱም ከዓይናችሁ ጋር እኩል ነው። በሥዕል ውስጥ ያንን መስመር ዝቅ ካደረጋችሁት ተመልካቹ ሳያውቀው ዝቅ ይላል፣ ንጉሡን ቀና ብሎ ያያል። ሉቭር ባለው የአደን ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ ጨመረበት። ንጉሡ ከፈረስ ወርዶ ቆሟል። ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል። ቀና ብሎ ቢሆን ኖሮ ንጉሡን ይበልጠው ነበር፤ አሁን እጅ የሚነሳ ይመስላል።

ቁጥር ለሚወድ፣ የኔን ሸራ ልኬት ልንገራችሁ። ወርዱ 120፣ ቁመቱ 180 ሳንቲ ሜትር ነው። ከታች 12 ሳንቲ ሜትር ትቼ እግራቸውን አሳረፍኩ። ሙሉ ቁመታቸው 144 ሆነ። ከላይ 24 ቀረ። ተራ ሰው በአማካይ ሰባት ተኩል ጭንቅላት ያህል ይረዝማል። እኔ ስምንት አደረግኩት፤ ማለትም ጭንቅላታቸው 18 ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ አይታወቅም፣ ግን ይሰማል። ዘጠኝ ካደረጋችሁት ቀጭኔ ይሆናል። የዓይን መስመሩን ከታች 65 ሳንቲ ሜትር ላይ አሰመርኩ፤ ጭናቸው አካባቢ ነው። የወለሉ ምንጣፍ መስመሮች ሁሉ ወደዚያ መስመር ይሮጣሉ።

አሁን የሚረሳው ነገር። የዓይን መስመሩ ዝቅ ካለ ከሱ በላይ ያለ ክብ ነገር ሁሉ ከታች የታየ መሆን አለበት። የዘውዱ ጠርዝ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ላይ ይጎብጥ። ወደ ታች ከጎበጠ እንደ ሣህን ከላይ እያያችሁት ነው ማለት ነው፣ ንጉሡም ባንዴ ያጥራሉ። የመጀመሪያው ሥዕሌ ላይ የሠራሁት ጥፋት ይኸው ነበር። ፎቶው የተነሳው ከላይ ነው፤ እኔም ዝም ብዬ ቀዳሁት። ትከሻቸው ከላይ ይታያል። ቀበሌ ያስመሰላቸው አንዱ እሱ ነው።

ቦታን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን ምረጡ። የሃንስ ሆልባይን ሄንሪ 8ኛ ቦታውን ይሞላል። ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1537 በዋይትሆል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ የተሠራ ነበር። ግድግዳው በ1698 ቃጠሎ ጠፍቷል፤ የምናየው ቅጂዎቹን ነው። ንጉሡ እግሮቹን ከፍቶ ቆሟል፤ ትከሻው ከበር የሰፋ ነው፤ ፊት ለፊት ያፈጣል። ዘውድም በትረ መንግሥትም የለው። አያስፈልገውማ! በሩን ዘግቶ የቆመ ሰው ነው። ሁለተኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ በንጉሡ ዙሪያ ባዶ ቦታ መተው። ማንም የማይጠጋው ሰው ትልቅ ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። "አገር ያበላል" ያልኩት ሰው በር ዘግቶ ቢቆም ነገሩ አይያያዝም።

ፊታቸው ወዴት ይዙር? እዚህ ላይ የአገራችንን ተመልካች አስታውሱ። በጥንቱ ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል። ጠላትና ከሃዲ በጎኑ ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። የዓድዋ ሥዕሎችን አስተውሉ፤ የኛ ሰዎች ሁለት ዓይን አላቸው፣ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው። ፈረንጅ በሳንቲም ላይ ንጉሡን በጎን ያወጣል፣ ለሱ ክብር ነው። ለኛ ሰው ግን አንድ ዓይን ያለው ንጉሥ ሆድ ያባባል። ፊቱን ትንሽ አዙሩ ካላችሁም አዙሩ፤ ሁለቱ ዓይኖች ግን ይታዩ።

5. ንጉሡን ሥራ አታስይዙ

ንጉሥ አይለፋም። የሚለፉት ሌሎቹ ናቸው። የናፖሊዮን ፈረስ ዓይኑ ፈጦ፣ ጋማው ነፋስ እየመታው ይታገላል። ሰውየው ግን ሻይ እንደሚጠጣ ሰው ረጋ ብሏል። የዓድዋን ሥዕል እንደገና ተመልከቱ። ከታች ሰው ይተላለቃል፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፤ ምኒልክ ከድባብ ሥር ሆነው ያያሉ።

ስለዚህ እጆች ላይ ተጠንቀቁ። የተጨበጠ እጅ ጭንቀት ነው። ጉልበት ላይ የተጣበቀ እጅ ደግሞ ፎቶ ቤት የገባ ሰው ነው። አንዱ እጅ ልብሱ ላይ ወይም ወንበሩ ክንድ ላይ ይረፍ፤ ጣቶቹ የላሉ ይሁኑ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በኢያሳንት ሪጎ ሥዕል ላይ (እ.ኤ.አ. 1701) በትረ መንግሥቱን ገልብጦ እንደ ምርኩዝ ነው የያዘው። ሌላ ሰው በሁለት እጁ በፍርሃት የሚይዘውን ዕቃ እሱ ተደገፈበት። ዘውዱን እንኳ አልደፋውም፤ ጎኑ ትራስ ላይ አስቀምጦታል።

በዚያ ሥዕል ላይ ከጀርባው ትልቅ ቀይ መጋረጃ አለ። ለምን መጋረጃ? የግብር ወግ የሚያውቅ የወሎ ሰው ይህን ከፈረንጅ ቀድሞ ይገባዋል። በንጉሠ ነገሥት ግብር ላይ ንጉሡ ሲበሉ በመጋረጃ ይከለላሉ። በልተው ሲጨርሱ መጋረጃው ይገለጣል። መጋረጃ ማለት "እስካሁን አይታይም ነበር፤ አሁን ተፈቀደላችሁ" ማለት ነው። እኔም ከኋላ መጋረጃ ሳልኩ። አንዱን ጎን ከፍቼ በቀጭኑ የአዳራሹን ምሰሶዎችና በሩቅ የተቀመጠ ግብረኛ አሳየሁ። የሰዎቹ ቁመት ከጣት አይበልጥም።

አጠገብ ሰው ካስፈለገ ድባብ ያዥ ወይም ጋሻ ጃግሬ ጨምሩ። ሕጉ ቀላል ነው። ከንጉሡ ያንሳል፣ ጥላ ውስጥ ይቆማል፣ የሚያየውም ንጉሡን ነው። ወደ ተመልካቹ ካየ ዓይናችንን ይሰርቃል። ሰው የሚያይበትን አቅጣጫ እኛም ተከትለን እናያለን። በነገራችን ላይ ይህን ጨዋታ እስከ ጥግ የወሰደው ቬላስኬዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1656 በሳለው ትልቅ ሥዕል የስፔን ንጉሥና ንግሥት የሚታዩት ኋላ ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለው ሰው ብዙው ግን ወደ እነሱ ነው የሚያየው። ይህን ለሆቴል ደንበኛ አትሞክሩት። "ንጉሡ የታሉ?" ይላችኋል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ትንሽ ሆነው፣ መሬት ላይ። ያን ያህል ሥልጣን የነበራቸው ሰው! ግን አስቡት፤ እዚያ ቦታ ላይ ለመደፋት የተፈቀደለት ሌላ ማን አለ? ቅርበትም ማዕረግ ነው። እንደ ግብሩ አቀማመጥ ማለት ነው፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ የሚያይ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

6. ጨርቁ ላይ ገንዘባችሁንና ጊዜያችሁን አውጡ

የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ፊቱ ሁለት ሳምንት፣ ልብሱ ሁለት ቀን ወሰደ። ሁለተኛው ላይ ገለበጥኩት። የሉዊ ሥዕል ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቦታ ጨርቅ ነው።

ካባው ከፋይ (ቬልቬት) ከሆነ ይህን አስታውሱ፦ ከፋይ ፊት ለፊት የሚያያችሁ ክፍሉ ይጠቁራል፣ የሚያበራው እጥፋቱ ዳር ላይ ነው። ሐር ተቃራኒ ነው፤ እብጠቱ አናት ላይ ይብለጨለጫል። ይህን ካልለያችሁ ካባው የዝናብ ልብስ ይሆናል።

የጃኖው ቀይ ጥለት በእጥፋቱ ውስጥ አብሮ ይግባ፣ አብሮ ይውጣ። በማስመሪያ የተሰመረ ከሆነ ባንዲራ ነው። ለቀዩ ጥላ ጥቁር አትጠቀሙ፤ ያቆሽሸዋል። በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ ቀለም) ወይም ትንሽ አረንጓዴ ጨምሩበት።

ወርቅ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ከሱቅ የሚገዛው ወርቅማ ቀለም ፊት ለፊት ያብለጨልጫል፣ ከጎን ሲታይ ግን ጭቃ ይሆናል። ወርቅ በተራ ቀለም ነው የሚሳለው። መደቡ ቢጫ ኦከር (አፈርማ ቢጫ) ይሁን፣ ጥላው በርንት አምበር፣ በጥቂት ቦታ ላይ ወፈር ያለ ነጭ በቢጫ የነካ ነጥብ። ከአሥር ጥልፍ ሁለቱን ብቻ አብሩ። ሌላውን ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

7. ፊት በመጨረሻ

አሁን ወደ ፊት ተመለሱ። ሌላው ሁሉ ሥራውን ስለሠራ ፊቱ መጮህ የለበትም። አፍ ይዘጋ። ጥርስ የሚያሳይ ንጉሥ የማስታወቂያ ሞዴል ነው። ብርሃን ከአንድ ጎን ብቻ ይምጣ፤ ጠዋት ሰው በር ላይ አቁማችሁ እዩ፣ ይገባችኋል። ዓይን ውስጥ አንዲት ትንሽ ብርሃን ትበቃለች።

ዕድሜን በተመለከተ ነገሥታቱ ራሳቸው ያጭበረብሩ ነበር። የእንግሊዟ ኤልሳቤጥ 1ኛ አርጅታም ፊቷ እንደ ወጣት ልጅ ይሳል ነበር። ሉዊ ሥዕሉ ሲሠራ 63 ዓመቱ ነበር፤ ፊቱ አርጅቷል፣ እግሮቹ ግን የወጣት ዳንሰኛ ናቸው። ለኛ አገር ሰው ይህ አይጠቅምም። እኛ ጋ ሽበት ማዕረግ ነው። የግንባሩን መስመር አታጥፉ። ከዓይን ሥር ያለውን እብጠት ብቻ ቀነስ አድርጉ፤ እሱ የሚያሳየው እንቅልፍ ማጣትን ነው።

8. ማድረቅና መስቀል

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሱቅ ውስጥ ይገባል። ዘይት ቀለም በብርድና በእርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ሐምሌ ላይ የተቀባ ጨለማ ቀለም ለሳምንታት እጅ ላይ ይይዛል። ትልቅ ሥራ ከሆነ ከመስቀል በዓል በኋላ ጀምሩ። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ሰው እዚያ ወስዶ ያድርቅ፤ ቆላ ቀመስ ስለሆነች ይሻላል። ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይቀባም።

ስትሰቅሉት የፍሬሙ የታች ጠርዝ የቆመ ሰው ደረት ላይ ይድረስ። ጭን ላይ ያሰመራችሁት የዓይን መስመር ግድግዳው ላይ ከሰው ዓይን በላይ ሆኖ ንጉሡ የበለጠ ይረዝማሉ። የላይኛውን ጠርዝ በገመድ ወደ ፊት ትንሽ አዘንብሉት። ሁለት ጥቅም አለው፤ የአምፖል ነጸብራቅ ይጠፋል፣ ንጉሡም ወደ ታች የሚያዩ ይመስላሉ። የክፍሉ ዋና መብራት ሥዕሉ ውስጥ ብርሃኑ ከመጣበት ጎን ይሁን።

ጋሼ ሁለተኛውን ሲያዩ አንዴ ብቻ ነው ራቅ ያሉት። ቀረብ አላሉም። ወዲያው ስልክ አውጥተው ምስማር የሚመታ ሰው ጠሩ። ልሰቅልላቸው ስሄድ ያዘጋጁት ቦታ ከማድቤቱ በር በላይ ነበር። "ጋሼ፣ የሽንኩርት ጭስ በአንድ ዓመት ያጠቁራቸዋል" አልኩ። ትንሽ አሰቡና ምስማሩን ከገንዘብ ተቀባይዋ ጀርባ አስመቱት።